የመንግሥት ደን ለጎረቤቱ ምን ይጠቅመዋል? ተከፋፍለን ብናርሰውስ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ከአንድ የመንግሥት ደን ጥግ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ መሬትም ሥራም የለኝም። እንደኔ ያሉ የሰፈሩ ወጣቶች ብዙ ነን። ደኑ ሰፊ ነው፣ ማንም አይኖርበትም። ባለፈው ዓመት እናቴ ደረቅ እንጨት ተሸክማ ስትመጣ ጥበቃዎች ገመዷንና መጥረቢያዋን ወሰዱባት። ትምህርት ቤት የአገራችን ደን ከ40 በመቶ ወደ 3 በመቶ ወርዷል ብለውናል፤ እንግዲያው ያለቀ ነገር ነው። የቀረውን ለወጣቶች ማከፋፈል አይሻልም? የመንግሥት ደን ለኛ ምን ይጠቅመናል?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብሁት። በደን ሙያ ከሃያ ዓመት በላይ ስሠራ ይህንኑ ጥያቄ በብዙ መንደር ሰምቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ መልስ ሰጪው ጠያቂውን ይገሥጽና ጥያቄው ሳይመለስ ይቀራል። መሬት የሌለው ወጣት ዐይኑ ደን ላይ ቢያርፍ የሚገሠጽበት ነገር አይታየኝም።

ስለ እናትህ አስቀድሜ ልናገር። የወደቀ ቅርንጫፍ ለቅማ ቤቷን የምታበስል እናት ደን አታጠፋም። ገመዷን የነጠቃት ሰው ደኑን የጠበቀ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል፤ በዚያ ቀን ደኑ ከጎረቤቶቹ አንድ ቤት አጥቷል። ወደዚህ ነገር መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ለጥያቄህ መልሴ ይህ ነው፦ ደኑ አይከፋፈል፤ ጥቅሙ ግን ይከፋፈል። ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳህ።

«ደኑ ሰፊ ነው፣ ማንም አይኖርበትም» ብለሃል። እስቲ አንድ ቀን በእግርህ ዙረውና ተዳፋቱን ተመልከት። በደጋው አገራችን ደን የተረፈው በአብዛኛው ገደል ላይ፣ ሸለቆ ውስጥና በሬ በማይረግጠው ዳገት ላይ ነው። ቅድመ አያቶቻችን ለእርሻ የሚመቸውን ሜዳ አንድም ሳያስቀሩ አርሰውታል፤ ዳገቱን የተዉት ሳያዩት ቀርተው አይመስለኝም። ደግሞ ሒሳቡን ሥራው። ደኑ አንድ ሺህ ሄክታር ነው እንበል፤ ሁለት ሺህ ወጣት ቢካፈለው ለእያንዳንዱ ግማሽ ሄክታር ዳገት ይደርሰዋል። ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚጨርሰው ታናሽ ወንድምህስ ከየት ይካፈላል?

ደን የተመነጠረበት አፈር በመጀመሪያው ዓመት ደስ ያሰኛል። ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ በቆሎው ያለ ማዳበሪያ ይንዠረገጋል። ያ ለምነት ግን ለዘመናት የረገፈ ቅጠል የበሰበሰበት ስስ ምንጣፍ ነው። ዛፉ ሲነሣ የሚረግፍ ቅጠል ይቀራል፣ ፀሐይ ብስባሹን ያደርቀዋል፣ የቀረውን የሐምሌ ጎርፍ ጠርጎት ይወርዳል። በአንድ ወረዳ የደኑ ጫፍ ሥራ ለሌላቸው ወጣቶች ተብሎ ሲከፋፈል አይቻለሁ። በአራተኛው ዓመት ተመልሼ ስሄድ የላይኞቹ ማሳዎች ቀይ ሆድ ዕቃቸው ወጥቶ ነበር። ከታች ያለው የመንደሩ ምንጭ በመጋቢት ደርቆ ሴቶች ጀሪካን አዝለው ሌላ ሸለቆ ይወርዱ ነበር። ከወጣቶቹ ብዙዎቹ ድርሻቸውን አከራይተው ከተማ ገብተዋል። ተጠቅሞ የወጣው በመጀመሪያው ዓመት ከሰሉን ጭኖ የሸጠው ነጋዴ ብቻ ነው። ስለዚህ «ለወጣቱ ይከፋፈል» ሲባል ስሰማ በመጀመሪያ የምጠይቀው ከሰሉን ማን እንደሚጭን ነው።

አሁን ስለ ቁጥሩ። ከ40 ወደ 3 በመቶ የሚለውን እኔም ተማሪ ሳለሁ በቃሌ ይዤው ነበር። 40 የሚለው ቁጥር በልኬት የተገኘ አይደለም፤ እየተደጋገመ ሲጻፍ እውነት መሰለ። 3 በመቶ የሚባለው ደግሞ ጥቅጥቅ ያለውንና ረጃጅም ዛፍ ያለውን ደን ብቻ የሚቆጥር ነበር። በ2007 ዓ.ም. አገራችን «ደን» የምትለውን ነገር እንደ አዲስ ወሰነች። ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሚሰፋ፣ ዛፉ ወይም ቀርከሃው ቢያንስ 2 ሜትር የሚረዝም፣ ጥላውም ቢያንስ 20 በመቶ የሚሆነውን መሬት የሚሸፍን ከሆነ ደን ይባላል። በዚህ መለኪያ የደን ሽፋናችን 15.5 በመቶ ሆነ፤ ከ17 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ማለት ነው። በአንድ ሌሊት ዛፍ የበቀለ እንዳይመስልህ፤ ቀድሞ ያልተቆጠረው የቆላ ደንና ቀርከሃ ተቆጠረ እንጂ። ይህን የምነግርህ ደስ እንዲልህ ብዬ አይደለም። መጨፍጨፉ እውነት ነው፣ ዛሬም አለ። ነገር ግን «ያለቀ ነገር ነው» ብሎ የሚያስብ ሰው የቀረውን እንደ ትርፍራፊ ያየዋል፤ ትርፍራፊ ደግሞ ይበላል። ያንተ ደን ከተረፉት አንዱ ነው፤ ዋጋውም ብዙ ደን ከነበረበት ዘመን ይልቅ ዛሬ ይበልጣል።

ምን ይጠቅመናል ላልኸው ከውኃው ልጀምር፤ ሁሉም ሰው የሚናገረው፣ በትክክል የሚያውቀው ግን ጥቂት ነውና። «ደን ዝናብ ያመጣል» ሲባል ሰምተሃል። ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም፤ አንድ ተራራ ላይ ያለ ደን ለሰፈሩ ብቻ ዝናብ አይጠራም። ለሰፈርህ የሚያደርገው ትልቅ ሥራ የወረደውን ዝናብ መቀበሉ ነው። በራቁት ዳገት ላይ የክረምት ዶፍ ሲወርድ ጠብታው አፈሩን ይደበድባል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ውኃው አፈር ይዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወንዝ ይገባል። በደን ውስጥ ያው ዶፍ ቅጠል ላይ ያርፋል፣ ከቅርንጫፍ ወደ ግንድ ይንጠባጠባል፣ ወለሉ ላይ ያለውን የቅጠል ንጣፍ ያርሳል፣ ሥር በሰደደበት ቀዳዳ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። የሐምሌው ውኃ በየካቲት ከምንጭ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። ከደናችሁ በታች ያለው ምንጭ የዘንድሮን ውኃ ዘንድሮ የሚሰጣችሁ አይምሰልህ፤ ደኑ በክረምት ያስቀመጠላችሁን ነው በበጋ የምትቀዱት።

ዛፍ ራሱ ውኃ እንደሚጠጣ ልደብቅህ አልፈልግም። ባሕር ዛፍ ምንጭ አፍ ላይ ከተተከለ ምንጩን ያደክመዋል፤ ገበሬዎች ይህን የሚያውቁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከታች ቁጥቋጦ፣ ከላይ ወይራና ዝግባ፣ መካከሉ ላይ ሐረግ ያለበት የተፈጥሮ ደን ግን በደረጃ በደረጃ ጥላ አለው፤ ወለሉም ሁልጊዜ የተሸፈነ ነው። ከዛፉ ይልቅ ወለሉ ይበልጣል። እንጦጦ ላይ ለእንጀራ ምጣድ ሲባል የባሕር ዛፍ ቅጠል ለብዙ ዓመታት ተጠርጎ እየተሸከመ ሲወርድ ኖሯል። ከሩቅ ላየው ተራራው አረንጓዴ ነው፤ ዛፉ ሥር ግን መሬቱ እንደ ግቢ የተጠረገ ነበር፤ ጎርፉም እንደ ራቁት ዳገት ይወርድበት ነበር። ያንን ቅጠል ጎንበስ ብለው የተሸከሙትን እናቶች ለመውቀስ አይደለም፤ ጀርባቸው የተሸከመውን የከተማዋ ምድጃ ነው የጠየቃቸው። የምልህ ደን የሚለካው በቆሙት ዛፎች ብዛት ብቻ እንዳልሆነ ነው።

የዚህን ውኃ ርቀት አስብ። ከአዳባና ዶዶላ በላይ ካሉት ደኖች የሚወጣው ውኃ ዋቤ ሸበሌን ይመግባል። ከባሌ ተራሮችና ከሐረና ደን በኩል የሚወርዱት ወንዞች በገናሌ በኩል እስከ ሶማሊያ ይደርሳሉ። በቆላው ግመሉን የሚያጠጣው አርብቶ አደር የሐረናን ደን አይቶት አያውቅም፤ ውኃው ግን ከዚያ ነው። የመንግሥት ደን የሚባል ነገር የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ነው። አንድ ገበሬ ዳገቱ የግሉ ቢሆን ታች ላለው ሰው ብሎ ዛፉን አይተውም፤ እንዲተውም መፍረድ አይቻልም፤ ልጆች አሉት። የሩቁ ሰው ጥቅም የሚጠበቀው ባለቤቱ ሕዝብ ሲሆን ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት «የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ «የመንግሥት» የሚለውን እናነብና «የሕዝብ» የሚለውን እንዘለዋለን።

ሌላው ምክንያት ዕድሜ ነው። ባሕር ዛፍ በአምስት በስድስት ዓመት ለቤት ሥራ ይደርሳል፤ ስለዚህ ገበሬ ይተክለዋል፣ ደግም ያደርጋል። ባሕር ዛፍን የሚረግሙ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ ከነሱ ጋር አይደለሁም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ስትጨነቅ ባሕር ዛፍ ባይገባ ኖሮ በዙሪያዋ አንድ የሐበሻ ጥድ ባልተረፈ ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ዝግባ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ኮሶ የሰው ዕድሜ ይጠይቃሉ፤ ሳንቃ እስኪወጣቸው ትውልድ ያልፋል። የልጅ ልጁ የሚቆርጠውን ዛፍ የሚተክል ድኻ ገበሬ ማግኘት ከባድ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን ካላየኸው እየው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአንኮበር አካባቢ፣ ከወፍ ዋሻ ደን፣ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ሲባል ይነገራል። በኋላም አፄ ምኒልክ እንዲጠበቅ አደረጉ። የዛሬው ጎብኚ ጉሬዛውንና የምኒልክ ድኩላን የሚያይበት፣ ተማሪ ዛፍ የሚማርበት፣ ተመራማሪ ዘር የሚለቅምበት ቦታ ሆኖ ይኸው አለ። ንጉሥ ሞተ፣ ሥርዓት ተለወጠ፣ ዛፉ ቀረ። ለመቶዎች ዓመት የሚቆይ ነገር ከአንድ ሰው ዕድሜ የሚረዝም ባለቤት ይፈልጋል፤ ከኪራይና ከዕዳ ጋር የሚታገል የግል ባለይዞታ ይህን ያህል ሊጠብቅ አይችልም።

ቡና ጠጪ ከሆንህ ደግሞ ይህን ስማ። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ፤ ባለሙያዎች ሲቢዲ የሚሉት ነው። አረንጓዴውን ፍሬ አጥቁሮ የሚያረግፍ በሽታ ነው፤ የብዙ ገበሬ ማሳ ተመታ። የጅማ ምርምር ማዕከል ሰዎች መድኃኒት ከውጭ ከመጠበቅ ይልቅ በየቡናው አገር ዞረው ሳይታመሙ የቆሙ ዛፎችን መፈለግ ያዙ። የቡና ገበሬ ሁሉ የሚያውቃቸው 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች የተገኙት ያኔ ነው፤ በኢሉ አባቦራ፣ በመቱ አካባቢ ከነበሩ ዛፎች ተመርጠው ማለት ነው። 74 የሚለው የተመረጡበት ዓመት ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። ዛሬ በውድ ዋጋ በውጭ አገር የሚጠጣው ቡናችን አንድ ክፍሉ የነዚያ ዛፎች ዘር ነው። ይህ ሊሆን የቻለው በደቡብ ምዕራብ ጥላ ሥር ቡናው በብዙ ዓይነት ስለቆየ ነው። በብራዚል ቢሆን ኖሮ ማሳው ሁሉ የጥቂት እናት ዛፎች ልጅ ነውና ፍለጋው ከየት ይጀመር ነበር? የሚቀጥለው በሽታ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ መድኃኒቱ ግን ካፋ፣ ሸካ፣ ያዩ ወይም ሐረና ውስጥ በአንድ ማንም ልብ ባላለው ዛፍ ላይ ሊኖር ይችላል። ዩኔስኮ ካፋንና ያዩን በ2002፣ ሸካን በ2004፣ የማጃንግን ደን በ2009 ዓ.ም. ባዮስፌር፣ ማለትም ተፈጥሮው ሲጠበቅ ሰውም አብሮ የሚኖርበት ሥፍራ፣ ብሎ የመዘገባቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጥቁር እንጨት የምንለው ዛፍም እንዲሁ ነው፤ ልጣጩ በውጭ አገር ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ስለሚሆን ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ለማገዶ እንቆርጠዋለን።

ማር፣ ቀፎ መስቀያ፣ ለጠላ ጋን ማጠኛ የወይራ ጭስ፣ ለቤት ማገር፣ ለበሬ ቀንበር የሚሆን እንጨት፤ እነዚህን አንተ ከኔ በላይ ታውቃቸዋለህና አልዘረዝርም።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ጥያቄህ ግን አልተመለሰም። ውኃው ወደ ታች፣ የቡናው ዘር ወደ ምርምር ጣቢያ፣ ንጹሑ አየር ወደ ዓለም ይሄዳል። ዝንጀሮው በቆሎ የሚበላው ያንተን ነው። ዳር ድንበሩ የሚገፋው ያንተን ማሳ ነው። ገመዷን የተነጠቀችው ያንተ እናት ናት። ጥቅሙ ለሁሉ፣ ጉዳቱ ለጎረቤት የሆነበት ደን ጎረቤቱን ጠላት ያደርጋል፤ ጎረቤቱ የጠላውን ደን ደግሞ በጥበቃ ብዛት ማዳን አይቻልም።

ይህን በዐይኔ አይቼዋለሁ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ልጅ ነበርሁ፤ ከመንደራችን በላይ የተተከለ የመንግሥት ደን ነበር። ጥበቃው ከጠፋበት ቀን ጀምሮ መጥረቢያ ሲጮህ ሰነበተ። ደጉም ክፉውም፣ ሽማግሌውም ልጁም ቆረጠ። አባቴም ቆርጠዋል። በዚያ ዓመት በብዙ የአገራችን ክፍል ይኸው ሆነ። ሰዉ ጨካኝ ስለነበረ አልነበረም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ደኑ «የመንግሥት ነው» ሲባል ኖረ፤ መንግሥት የሄደ ዕለት ታዲያ የማንም ሆኖ አደረ። እኔ ይህን ሙያ የመረጥሁት ከዚያ ወራት የተነሣ ነው፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮም አንድ ነገር ስፈልግ ኖሬአለሁ፦ የመንግሥት ሆኖ ሳለ ጎረቤቱ «የኔ» የሚለው ደን እንዴት ይገኛል?

መልሱ በአገራችን ተሞክሯል፤ አሳታፊ የደን አስተዳደር ይባላል። በምዕራብ ሸዋ፣ ከጊንጪ አጠገብ ባለው የጭሊሞ ደን ሥራው የተጀመረው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ቦንጋ ላይም ተሠርቶበታል። እኔን ይበልጥ ያስተማረኝ ግን የአዳባ ዶዶላው ነው። እዚያ የተቋቋሙት ማኅበራት በኦሮምኛ ዋልዳ ጂራቶታ ቦሶና ይባላሉ፤ የደን ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው፤ በአጭሩ ዋጂብ። ደኑ በየብሎኩ ተከፈለ፤ ባለቤትነቱ የመንግሥት ሆኖ ቀረ፤ የመጠቀምና የመጠበቅ መብቱ ግን በጽሑፍ ውል ለማኅበሩ ተሰጠ። ለአንድ ቤተሰብ 12 ሄክታር ደን ያስፈልጋል ተብሎ ተሠላ፤ አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ እንዳይበልጥ ተወሰነ። አባላቱ በልክ ይቆርጡ፣ ከብታቸውን በልክ ያሰማሩ፣ በተራ ይጠብቁ፣ ለመንግሥት ዓመታዊ ኪራይ ይከፍሉ ነበር፤ አዲስ ቤት ደን ውስጥ አይሠራም፣ አዲስ እርሻ አይከፈትም ነበር።

ሁሉም ማኅበር እኩል አልተሳካለትም፤ ትምህርቱም እዚያ ላይ ነው። ተመራማሪዎች በባሌ 49 እንዲህ ያሉ ቡድኖችን አጥንተው በ2003 ዓ.ም. ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳትመዋል። የተሻለ ደን የተገኘው «ሌላው ከጠበቀ እኔም እጠብቃለሁ» የሚል ዓይነት ሰው በበዛባቸው ቡድኖች ውስጥ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ጊዜያቸውን ሠውተው በደኑ ውስጥ እየዞሩ ሌላውን ይከታተሉ ነበር። ከመላእክት የተሠራ መንደር አያስፈልግም ማለት ነው። ጎረቤቱ እንደሚጠብቅ ማየት የሚችል ሰው ይበቃል፤ ለዚያ ደግሞ ቡድኑ ትንሽ፣ ወሰኑ ግልጽ፣ ውሉም በእጅ ያለ መሆን አለበት።

በጅማ በኩል በለጠ ገራ ደን ውስጥ ደግሞ የጫካ ቡና ለቃሚዎች ማኅበር መሥርተው፣ ቡናቸው ደን ሳይመነጠር የተገኘ ስለመሆኑ የምስክር ወረቀት አግኝተው በተሻለ ዋጋ ሸጠዋል። ጥላውን የሚቆርጥ ሰው የምስክር ወረቀቱን ያጣል፤ ጥበቃው ከገበያው መጣ። ያንተ ሰፈር ቡና የሚያበቅል ካልሆነ ማር አለ። ደኑ የተራቆተ ከሆነ ደግሞ በወላይታ የሁምቦን ተራራ አስበው። እዚያ 2,728 ሄክታር የተጋጠ ተራራ ለሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት በይዞታ ማረጋገጫ ተሰጣቸው። አብዛኛውን ደን የመለሰው አዲስ ችግኝ አልነበረም፤ ከብት ሲከለከል ከመሬት በታች ሥሩ ያልሞተው ጉቶ አቆጠቆጠ። በካርቦን ሽያጭም፣ ማለትም ዛፎቹ ከአየር ስበው ለሚያስቀሩት ካርቦን በሚከፈል ክፍያ፣ ከዓለም ባንክ በኩል ገንዘብ አገኙበት።

ድክመቱንም ልንገርህ። 30 አባወራ ሲባል ሠላሳ አንደኛው ውጭ ይቀራል። ዋጂብ ውስጥ ያልገቡ ሰዎች ቂም ይዘዋል፤ ቂማቸውም ምክንያት ነበረው። በብዙ ቦታ በአባልነት የተመዘገበው አባወራው ነው፤ እንጨቱን የምትሸከመው ሴት ስሟ የለም። በበጋ ከቆላ ከብት እየነዱ የሚመጡ ሰዎች ስብሰባ ላይ አልተጠሩም፤ በኋላም ውሉን ያፈረሱት እነሱ ተባሉ። ከመንግሥት ወገንም ውል ፈርሞ የገቢውን ድርሻ የሚያዘገይ፣ ሹም በተለወጠ ቁጥር ውሉን እንደ አዲስ የሚጠይቅ አለ። አንድ ቀን የተፈረመ ወረቀት ለዘላለም ይሠራል ብለህ አትጠብቅ።

አሁን ወዳንተ ሰፈር። ከሕጉ ብትጀምር፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ደንን በባለቤትነት አራት ቦታ ይከፍለዋል፤ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት። በፊት የነበረው የ1999 ዓ.ም. አዋጅ የሚያውቀው የግልና የመንግሥት ብቻ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምትጠይቁት ነገር ስም አለው። ወደ ወረዳው ስትሄዱ «መሬት ስጡን» አትበሉ፤ የደኑ ካርታና ወሰን የት እንዳለ፣ የአጠቃቀም ውል ከዚህ በፊት ተፈርሞ እንደሆነ፣ ካልተፈረመም ለመፈራረም የተዘጋጀ ማኅበር እንዳላችሁ ተናገሩ። በጽሑፍ አስገቡት፣ ቅጂውን ያዙ።

ከዚያ በፊት ግን ደኑን እወቁት። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ግቡና ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ተመልከቱ። ትልልቅ ዛፍ አለ፤ በጉልበት ልክ የሆነ የዝግባና የወይራ ልጅ ግን አለ? በወገብ ልክስ? ከሌለ ያ ደን ልጅ የሌለው ሽማግሌ ነው፤ ከሩቅ ያምራል፣ እየሞተ ግን ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላው መጥረቢያ ሳይሆን የከብት ጥርስ ነው። ይህን ቆጥራችሁ ካልያዛችሁ ከአምስት ዓመት በኋላ ደኑ ተሻለ ወይስ ባሰበት የሚለውን በክርክር ብቻ ነው የምትፈቱት። በአንድ ደብተር ላይ ቦታውን፣ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፉ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ይህን ከማንም የተሻለ ይሠራዋል።

የወጣቱ ሥራ በቆሙት አሮጌ ዛፎች ላይ አይደለም ያለው። ዝግባ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ኮሶና ዋንዛ ቀድሞውንም ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጡ በሕግ የተከለከሉ ናቸው፤ ይህን ለመቀየር አትድከሙ። ሥራው ያለው በዳር በዳሩ በተተከለው የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ ላይ ነው። ማሳሳት፣ ማጽዳት፣ መጫን፣ ችግኝ ማፍላት፣ ቀፎ መስቀል፣ ለጎብኚ መንገድ ማሳየት። ተክሉ በጨረታ ሲሸጥ ሥራው ለሰፈሩ ማኅበር እንዲሰጥ፣ ከሽያጩም ድርሻ እንዲመጣ በውሉ ይግባ። በአንድ ጊዜ ሁለት ሺህ ወጣት አይቀጥርም፤ ይህን ልዋሽህ አልችልም። ለጥቂት አሥሮች ግን ዘንድሮም፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ሥራ ይሆናል፤ ታናሽ ወንድምህም ይደርስበታል።

አባል ስትመዘግቡ እንጨት ለቃሚ ሴቶች በየስማቸው ይመዝገቡ፤ በባሎቻቸው ስም አይሁን። ውሉ ሲረቀቅ ደግሞ የመጀመሪያው አንቀጽ የደረቅ እንጨት ይሁን፦ በሳምንት በየትኛው ቀን፣ በየትኛው በር፣ ስንት ሸክም፣ መጥረቢያ ሳይሆን በገመድና በእጅ። ጥበቃውም፣ ወረዳውም፣ ማኅበሩም ይፈርሙበት። እናትህ ያን ወረቀት በመቀነቷ ቋጥራ ትግባ፤ በሌሊት ግንድ የሚጭን መኪና ድምፅ ስትሰማም ለማን እንደምትደውል በዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ ይጻፍላት።